የፕሮፓጌሽን ኪት ሪቪው፦ ቱቦዎቹ ያምራሉ፣ ስራውን ሚሰራው ግን ሳጥኑ ነው

ከ5 ኮከብ 3 ሰጥቼዋለሁ። ሶስቱም የሳጥኑና የሞሱ ናቸው፣ ቱቦዎቹና ዱቄቱ ባዶ እጃቸውን ነው የወጡት። ለምን እንደሆነ ትንሽ ረዘም አድርጌ ልጻፈው፣ ምክንያቱም ይሄን የተክል ማባዣ ኪት ሊገዛ ያሰበ ሰው ሁሉ አይኑ ሚያርፈው ቱቦዎቹ ላይ ነው፣ ሻጮቹም ይሄን ስለሚያውቁ ፎቶ ሚያነሱት እነሱን ብቻ ነው።

ለማታውቁት፣ ይሄ የቤት ውስጥ ተክል ቆርጦ ለማባዛት ተብሎ በአንድ ካርቶን ሚሸጠው ሙሉ ስብስብ ነው። ስትከፍቱት የእንጨት መቆሚያ ላይ ሚሰኩ ቀጫጭን የመስታወት ቱቦዎች፣ አንድ ትንሽዬ ብልቃጥ የስር ሆርሞን ዱቄት፣ ተጨምቆ የደረቀ ስፋግነም ሞስ (ረግረግ ላይ ሚበቅል ውሃ መጣጭ ተክል)፣ በከረጢት ፐርላይት ሚባል ነጭ ቀላል ጠጠር፣ ክዳን ያለው ግልፅ የፕላስቲክ ሳጥን፣ ለወጉ የተጨመረች መቀስ፣ እና ከጽሁፉ ስዕሉ ሚበዛ ቡክሌት ይወጣል። ብራንዱ ቢለያይም ውስጡ ያለው ያው ነው፣ አንዱ ጋ መቆሚያው ጥቁር ተቀብቷል ሌላው ጋ አልተቀባም፣ ልዩነቱ እዛ ድረስ ነው፣ ስለዚ የናንተ ካርቶን ላይ ሌላ ስም ቢኖርም ይሄ ሪቪው ይሰራላችኋል።

መጀመሪያ ካርቶኑ ላይ ስላለው ፎቶ። ኧረ እባካችሁ! አንድ የሞንስቴራ፣ ባለትልልቅ ቅጠሉ የቤት ተክል፣ ቅጠል ከነረጅም እጀታው ተቆርጦ ቱቦ ውስጥ ቆሟል፣ ግንድ ሚባል ነገር የለውም፣ ከስሩ ደግሞ አንድ ቅጠል ብቻ ይበቃል ተብሎ በትልቁ ተጽፏል። አይበቃም። ያ ቅጠል ውሃ ውስጥ ለረጅም ጊዜ አረንጓዴ ሆኖ ሊቆይ ይችላል፣ ቢቀናው ትንሽ ስር ብጤም ሊያወጣ ይችላል፣ ተክል ግን አይሆንም፣ አዲስ ቀምበጥ ሚፈነዳበት ቦታ የለውማ። ቀምበጥ ሚወጣው ከአንጓ ነው፣ አንጓ ማለት ቅጠሉ ከግንዱ ጋር ሚገናኝበት ወፈር ያለው ቀለበት ነው፣ ቀርከሃ ላይ በየመሃሉ ሚታየውን አስቡት። ቤታችሁ ፖቶስ ሚባለው የቤት ውስጥ ሐረግ ካለ ሄዳችሁ ሐረጉን በሁለት ጣታችሁ ይዛችሁ ቀስ ብላችሁ ዳብሱት፣ ለስላሳ ለስላሳ እያለ ይመጣና ቅጠል ያለበት ጋ ስትደርሱ እብጥ ይላል፣ እዛው እብጠት ላይ ጠጋ ብላችሁ ካያችሁ ቡናማ ቀለም ያላት ሻካራ ጉብታ አለች፣ እሷ ገና ያልረዘመች የአየር ስር ናት። ውሃ ሲነካት ዝም ብላ ትረዝማለች። በቅጠሉ እጀታና በግንዱ መሃል ብብቱ ውስጥ ደግሞ የተኛ ዓይን አለ፣ አዲሱ ተክል ሚመጣው ከዛ ነው። ስለዚ ምትቆርጡት ከአንጓው አንድ ወይ ሁለት ሴንቲሜትር ዝቅ ብላችሁ ነው፣ አንጓው ውሃ ውስጥ ወይ ሞስ ውስጥ ይግባ፣ ቅጠሉ ውጪ ይቅር፣ አለቀ። ይሄን አንድ ነገር ቡክሌቱ በትልቁ ቢጽፈው ኖሮ ግማሹ ቅሬታ ባልመጣ ነበር፣ ግን አንጓ ሚለው ነገር የተነሳው መጨረሻው ገጽ ላይ በደቃቅ ፊደል ነው።

እግረ መንገዴን፣ ፖቶስ ለዚህ ስራ የተፈጠረ ነው ብል አላጋነንኩም። ትውልዱ ፓስፊክ ውቅያኖስ ላይ ያለችው ሞኦሬያ ደሴት ናት፣ አሁን ግን በየቢሮው በየሳሎኑ ነው ያለው፣ ሚገርመው ደግሞ በራሱ ጊዜ አያብብም ማለት ይቻላል፣ በሰው እጅ ካለው ውስጥ በራሱ ጊዜ አበበ ተብሎ ለመጨረሻ ጊዜ የተመዘገበው በ1964 እ.ኤ.አ. ነው። በ2016 እ.ኤ.አ. የወጣ ጥናት ምክንያቱን አግኝቶታል፣ ጂበረሊን ሚባለውን ሆርሞን ለመስራት ሚያስፈልገው አንድ ጂኑ በደምብ አይሰራም፣ ሆርሞኑን ከውጪ ሲረጩት አበበ። አበባ ከሌለ ዘር የለም፣ ስለዚ በየቤቱ ምታዩት ፖቶስ ከሌላ ፖቶስ ተቆርጦ የመጣ ነው። ይሄ ተክል ስር ለማውጣት ኪት ሚያስፈልገው ይመስላችኋል?

ወደ ቱቦዎቹ ልምጣ። ውበታቸው ላይ ምንም አልልም፣ መስኮት አጠገብ ስታስቀምጧቸው ብርሃን ሲያርፍባቸው ሰው ሁሉ ከየት አመጣሽው ይላል። ስራ ላይ ግን ጠባብነታቸው ገደላቸው። ቀጭን ሐረግ ያላቸው እንደ ፖቶስ፣ ባለልብ ቅጠሉ ፊሎደንድሮን፣ ትራዴስካንሺያ ይገባሉ፣ የሞንስቴራ ግንድ ግን አፉ ላይ ነው ሚቀረው፣ ካርቶኑ ላይ ያለው ሞንስቴራ ግንድ የሌለው ለምን እንደሆነ ያኔ ነው ሚገባችሁ። ሁለተኛው ችግር የውሃው ማነስ ነው። ስር ለመውጣት ኦክስጅን ይፈልጋል፣ ውሃ ውስጥ ያለው ደግሞ በጣም ትንሽ ነው፣ በዛች ጠባብ አፍ በኩል ሚገባው አየር ስለማይበቃ ቶሎ ያልቃል፣ ከዛ የግንዱ ጫፍ ይለሰልስና ይጠቁራል፣ ውሃው ይደፈርሳል፣ ሽታውን ሳልነግራችሁ ባልፍ ይሻላል። በሳምንት አንድ ሁለቴ ውሃውን መቀየር ግድ ነው፣ ሙቀት ካለ ከዛም በላይ። ከቀየራችሁም በኋላ ትንሽ ሲተን አንጓው ከውሃው በላይ ይቀርና ጀምሮ የነበረው ስር ይደርቃል፣ ስለዚ በየቀኑ መከታተል ነው፣ ለእረፍት ሄድ ብዬ ልምጣ ካላችሁ የለም። መስታወቱ ብርሃን ስለሚያሳልፍ አልጌ ይይዛል፣ አረንጓዴ ሆኖ ዙሪያውን ይለጠፋል፣ እሱን ሚያጥብ ቀጭን ብሩሽ ደግሞ ካርቶኑ ውስጥ የለም፣ ጣትም አይገባም። እና ስሩ ቅርንጫፍ አውጥቶ እርስ በርስ ከተጠላለፈ በኋላ በዛ አፍ ስታወጡት ግማሹ ተቆርጦ ይቀራል። አፉ ሰፋ ያለ ማንኛውም ጠርሙስ፣ በተለይ ጥቁር ወይ ቡናማ ከሆነ፣ ከነዚህ ቱቦዎች መቶ ጊዜ ይሻላል። ለጌጥ ግን ይሁን፣ ለጌጥ ግዙት።

ዱቄቱ። ብልቃጡ ላይ 0.1 ፐርሰንት አይ ቢ ኤ ይላል፣ ኢንዶል ቡቲሪክ አሲድ ማለት ነው፣ የኦክሲን ዘመድ። ኦክሲን ተክሉ ራሱ ሚሰራው ሆርሞን ነው፣ ከቀምበጡና ከለጋ ቅጠሎቹ ተነስቶ ወደታች ይወርዳል፣ ግንዱ ሲቆረጥ ቁስሉ ጋ ይጠራቀምና እዛ ያሉትን ሴሎች ስር ሁኑ ይላቸዋል። ፍሪትስ ቬንት ሚባል የኔዘርላንድስ ሰው በ1928 እ.ኤ.አ. በአጃ ቡቃያ ጫፍ ላይ ባደረገው ሙከራ ነው የዚህ ነገር መኖር በደምብ የታየው፣ ከ1930ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ ደግሞ ግንድ ስር እንዲያወጣ በሰው ሰራሽ ኦክሲን መንከር ተለመደ። ማለቴ ዱቄቱ ማጭበርበሪያ አይደለም፣ የእውነት ይሰራል፣ ግን ለማን? እንጨትነት ላለው፣ ስር ለማውጣት ለሚያስቸግር ግንድ። ፊከስ ምታበዙ ከሆነ ለምሳሌ የጎማ ዛፍ ሚባለውን፣ ይጠቅማችኋል። ፖቶስ፣ ሞንስቴራ፣ ፊሎደንድሮን ግን ስራቸው አንጓው ላይ ተዘጋጅቶ ቁጭ ብሏል እኮ፣ አይተናታል ያቺን ጉብታ። ጎን ለጎን አንዱን ነክራችሁ አንዱን ሳትነክሩ ሞክሩት፣ ለኔ ልዩነቱ አይታይም።

እሺ ይሄም ይሁን፣ ሚያናድደው ግን ቡክሌቱ ዱቄቱን ነክራችሁ ቱቦው ውሃ ውስጥ ክተቱ ይላል። ውሃ ውስጥ! ዱቄቱ እኮ ወዲያው ታጥቦ ከታች ይዘቅጣል፣ የቀረው ውሃውን ማደፍረስ ነው። ዱቄት ሞስ ወይ ፐርላይት ውስጥ ለሚተከል ነው እንጂ ለውሃ አይሆንም። ደግሞ ቀጥታ ብልቃጡ ውስጥ ግንዱን ሚነክር ስዕል አለ፣ እሱንም አታድርጉት፣ እርጥበቱና ጀርሙ ገብቶ የቀረውን ዱቄት ያበላሸዋል፣ ትንሽ ወረቀት ላይ አፍስሱ፣ የግንዱን ጫፍ ብቻ አስነኩ፣ መታ መታ አድርጋችሁ ትርፉን አራግፉ፣ ወረቀቱ ላይ የቀረውን ጣሉት። በብዛት ማድረግ ፍጥነት አይጨምርም፣ ኦክሲን ሲበዛ እንደውም ግንዱን ይጎዳል።

አሁን ወደ ጥሩው። ሞሱ! ብዙ ሰው ከካርቶኑ ሲያወጣው ደረቅ ሳር መስሎት ማሸጊያ ነው ብሎ ሊጥለው ይደርሳል፣ በጣም ቀላል ነው፣ ምንም አይመስልም። ሰፋ ያለ ሳህን ውስጥ ለብ ያለ ውሃ አፍስሱበትና ጠብቁት፣ ያብጣል ያብጣል ያብጣል፣ ሳህኑን ሞልቶ ይወጣል። ስፋግነም ከደረቅ ክብደቱ እስከ 20 እጥፍ ሚደርስ ውሃ መያዝ ይችላል፣ ምክንያቱ ደግሞ ቅጠሎቹ ውስጥ ከህያዋን ሴሎች መሃል ትልልቅ የሞቱ ባዶ ሴሎች አሉ፣ ግድግዳቸው ቀዳዳ ቀዳዳ ነው፣ ውሃው እዛ ውስጥ ይገባና ይቀመጣል። ከዛ በእጃችሁ ጭብጥ አድርጋችሁ ጭመቁት፣ ጠብ ጠብ ማለቱን ሲያቆም በቃ፣ ደግማችሁ አጥብቃችሁ ስትጨምቁት አንድ ሁለት ጠብታ ብቻ ከሰጠ ልኩ እሱ ነው። አሁን በጣታችሁ ፈታ ፈታ አድርጉት፣ ውስጡ አየር ይኑር። ቱቦው ያጣው ነገር ይሄ ነው፣ ውሃና አየር አንድ ላይ። ሞሱን ጠቅጥቃችሁ ከሞላችሁት ግን ከቱቦው ምንም አይለይም፣ እዛም ይበሰብሳል። እኔ ፐርላይቱን ትንሽ እቀላቅልበታለሁ እንዳይታመቅ። ፐርላይት የእሳተ ገሞራ መስታወት ነው፣ ከ850 ዲግሪ በላይ ሲሞቅ ውስጡ ያለው ውሃ ተንኖ ያፈነዳዋል፣ ለዛ ነው ነጭና ቀላል ሚሆነው፣ አቧራው ግን ለሳንባ ጥሩ አይደለም፣ ከረጢቱን ከመክፈታችሁ በፊት ቀዳዳ አድርጋችሁ ውሃ ርጩበት።

ሳጥኑን ደግሞ ሰው ለምን እንደሚንቀው አይገባኝም። ስር የሌለው ቁራጭ ትልቁ ጠላቱ ድርቀት ነው፣ ቅጠሉ ውሃ እያተነነ ነው ከታች ግን ሚተካ ስር የለም። ክዳን ያለው ሳጥን ውስጥ አየሩ እርጥብ ስለሚሆን ቅጠሉ ሚያጣው ይቀንሳል፣ ጊዜ ይገዛል፣ እስከዛ ስሩ ይደርሳል። ይሄ አዲስ ነገርም አይደለም፣ ናትናኤል ዋርድ ሚባል የለንደን ሀኪም በ1829 እ.ኤ.አ. ክዳን ባለው ጠርሙስ ውስጥ የእሳት ራት ሙጬ እርጥብ አፈር ላይ አስቀምጦ ሲከታተል አፈሩ ላይ ፈርንና ሳር ራሳቸውን ችለው በቀሉለት፣ ከዛ ተነስቶ የመስታወት ሳጥን አሰርቶ በ1833 ተክሎች በመርከብ እስከ ሲድኒ ላከ፣ በህይወት ደረሱ። ከዛ በፊት ተክል በባህር ሲጓዝ አብዛኛው መንገድ ላይ ነበር ሚሞተው። እና ያቺ ክዳንዋ ትንሽ ሚወላገድ የፕላስቲክ ሳጥን የሱ ሳጥን ልጅ ናት ማለት ነው።

አጠቃቀሙ ቀላል ነው፣ ከታች በጣት ወርድ ያህል ሞስ፣ አንጓዎቹን ጋደም አድርጎ ግማሽ በግማሽ ቅብር፣ ክዳን ግጥም። በቀን አንዴ ለጥቂት ደቂቃ ክፈቱት፣ ካልሆነ ሻጋታ ይመጣል። ቀጥታ ፀሃይ አይንካው፣ ውስጡ በአንዴ ይግልና ቅጠሉ ይቀቀላል። ሞቅ ያለ ቦታ ላይ ይሁን፣ ሞሱ ከ21 እስከ 25 ዲግሪ ቢሆን ፖቶስ በሁለት ሶስት ሳምንት ውስጥ ነጭ ነጭ ስር በግልፁ ፕላስቲክ በኩል ያሳያችኋል፣ ቅዝቃዜ ካለ ግን ወር አልፎም ዝም ሊል ይችላል፣ ሞተ ብላችሁ አትጣሉት፣ ግንዱ ጠንካራና አረንጓዴ እስከሆነ ድረስ እየሰራ ነው። ቅጠል የሌለው የሞንስቴራ አንጓ፣ ዓይኑ ያለበት ጉማጅ፣ እዚህ ሳጥን ውስጥ ነው ተስፋ ያለው። ሰው ሚጥለውን ነው ምታበዙት።

መቀሷን ተዋት፣ ወፍራም ግንድ ትጨፈልቃለች እንጂ አትቆርጥም፣ የተጨፈለቀ ጫፍ ደግሞ ለመበስበስ የተመቸ ነው። ሹል ምላጭ በ70 ፐርሰንት አልኮል ጠርጋችሁ ተጠቀሙ።

ኮከብ ካስቀነሱት አንዱ ቡክሌቱ ስለ ደህንነት አንድም ቃል አለመናገሩ ነው። ስፋግነም ሞስ ላይ ስፖሮትሪክስ ሚባል ፈንገስ ሊኖር ይችላል፣ በተቧጨረ ቆዳ ገብቶ እጅ ላይ ቁስል ያወጣል፣ ብዙ ጊዜ አይከሰትም ግን ጓንት ማድረግ ምን ይከብዳል። ሌላው የነዚህ ተክሎች ፈሳሽ፣ ፖቶስም ሞንስቴራም ፊሎደንድሮንም ውስጣቸው በመርፌ ቅርፅ የካልሲየም ኦክሳሌት ክሪስታል አለ፣ ቆዳ ያሳክካል፣ አፍ ውስጥ ከገባ ያቃጥላል ያሳብጣል። ልጅ ወይ ድመት ያለበት ቤት ቱቦ ደርድሮ ዝቅ ያለ ጠረጴዛ ላይ ማስቀመጥ አይሆንም፣ ከቱቦው የተደፋው ውሃም ቢሆን አይጠጣም። ይሄን ካርቶኑ ላይ መጻፍ ስንት መስመር ይፈጃል?

ለኪቱ ደግሞ ልከራከርለት ሚገባ ቦታ አለ። አንድ ኮከብ የሰጡ ገዢዎች ዚዚ ፕላንት ሚባለው የቤት ተክል በሶስት ሳምንት ምንም አላወጣልኝም ብለው ጽፈዋል፣ ይሄ በኪቱ ሚላከክ ጥፋት አይደለም። ዚዚ ከአንድ ትንሽ ቅጠል በእርግጥ ይበዛል፣ ግን መጀመሪያ ከስሩ ድንች መሳይ እብጠት ነው ሚሰራው፣ ቀምበጥ እስኪታይ ብዙ ወራት ይፈጃል። ስኔክ ፕላንትም ቅጠሉ ተቆራርጦ ይበዛል፣ እሱም ጊዜ ይወስዳል፣ እና ቁራጩን ስትተክሉ የታችኛው ጫፍ ወደታች መሆን አለበት፣ ተገልብጦ ከተተከለ ስር አያወጣም፣ ስለዚ ስትቆርጡ ምልክት አድርጉበት። ዳር ዳሩ ቢጫ የሆነው አይነት ከቅጠል ሲበዛ ደግሞ ልጆቹ ቢጫ የላቸውም፣ ሙሉ አረንጓዴ ሆነው ይወጣሉ፣ ቢጫው ያለው በቅጠሉ ዳር ባሉ ሴሎች ብቻ ስለሆነ አዲሱ ቀምበጥ አይወርሰውም። ቢጫውን ከፈለጋችሁ ከስሩ ሚያወጣውን ልጁን ከነስሩ ገንጥሉ። ነጭ ያለበት ሞንስቴራም ላይ ሚወስነው ግንዱ ነው፣ ዓይኑ አጠገብ የግንዱ ቆዳ ላይ ነጭ መስመር ካለ ተስፋ አለ፣ ሙሉ ነጭ የሆነ ቁራጭ ግን ክሎሮፊል፣ ማለትም ምግብ ሚሰራበት አረንጓዴ ቀለም፣ ስለሌለው ራሱን አይመግብም፣ ያምራል ከዛ ይሞታል።

ቡክሌቱ ስር ወጣ፣ እንኳን ደስ ያለዎ ብሎ እዛው ያበቃል። ከባዱ ነገር ግን ከዛ በኋላ ነው፣ ውሃ ውስጥ የወጣ ስር አፈር አያውቅም፣ ተሰባሪ ነው፣ ደቃቅ ፀጉሩም ጥቂት ነው። በጣም ሳይረዝም፣ ከ3 እስከ 5 ሴንቲሜትር ሲሆን ወደ አፈር አዛውሩት፣ ለመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት አፈሩ ከወትሮው እርጥብ ይሁን፣ ከዛ ቀስ በቀስ አድርቁት፣ ማዳበሪያ አሁን አይነካም፣ አዲስ ቅጠል ሲያወጣ ያኔ። ከሞስ የወጣ ይሄ ጣጣ ብዙም የለበትም፣ ስሩ ላይ የተጣበቀውን ሞስ ግን ለቅሜ ላጥራ አትበሉ፣ ስሩን ነው ምትበጥሱት፣ እንዳለ ይግባ። እና ካዛወራችሁት በኋላ ቅጠሉ ጠወለግ ካለ የሳጥኑን ክዳን አውልቁና ሳጥኑን ገልብጣችሁ ከላዩ ድፉበት፣ ለጥቂት ቀን እንደ ድንኳን ያገለግላል። ሻጩ ቱቦውንም ዱቄቱንም ትቶ ሳጥኑንና ሞሱን ለብቻ ቢሸጥ ሁለት ካርቶን እገዛ ነበር፣ 5 ኮከብም አይነፈገውም።